ክሮማቲን፣ ቅጠልና ሥር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዤ ተቀምጬ ሥራዬ የዕፅዋት ጂን ነው ካልኩ ጥያቄው አያባራም። ግማሹ ጠያቂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነው። ግማሹ ደግሞ እንዲሁ ነገሩ የሚገርመው ሰው ነው። ሁሌ ከምደጋግመው ብዬ እዚህ ጻፍኩት። ከላይ ወደ ታች ማንበብ የለባችሁም፤ የራሳችሁን ጥያቄ ፈልጉና እሱን አንብቡ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ክሮማቲን ማለት ዲኤንኤ አይደለም እንዴ? ሌላ ስም ለምን አስፈለገው?

ዲኤንኤ አለበት፣ ግን ብቻውን አይደለም። እናቱ ወይም አያቱ ጥጥ ስትፈትል ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። የተፈተለው ክር እንዲሁ መሬት ላይ አይጣልም፤ እንዝርቱ ላይ ይጠመጠማል፣ ኋላም ልቃቂት ይሆናል። ዲኤንኤው ክሩ ነው። የሚጠመጠመው ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ነው። ክሩም መጠምጠሚያውም አንድ ላይ ሲሆኑ ክሮማቲን እንላቸዋለን።

ካልተጠቀለለ ደግሞ አይገባም። የጤፍ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዲኤንኤ ጽሑፉ፣ 620 ሚሊዮን ፊደል ገደማ አለው። አንድ ህዋስ ይህንኑ በሁለት ቅጂ ስለሚይዝ፣ ቢዘረጋ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። የዳቦ ስንዴማ ከ10 ሜትር ያልፋል። ይህ ሁሉ የሚታጨቀው በዓይን በማትታይ ኒውክለስ፣ በህዋሱ እምብርት፣ ውስጥ ነው።

አንዱ ጥምጥም ኑክሊዮሶም ይባላል። መሃሉ ላይ ስምንት ሂስቶኖች አሉ፤ አራት ዓይነት ናቸው፣ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት። በእነሱ ላይ 147 የዲኤንኤ ፊደላት አንድ ዙር ከግማሽ አለፍ ብለው ይጠመጠማሉ። ከጥምጥም እስከ ጥምጥም ያለው ክር ላይ ደግሞ ሌላ ሂስቶን እንደ መርፌ ቁልፍ ሰካ ይላል። ሮጀር ኮርንበርግ ይህን ሐሳብ ያቀረበው በ1974 ነው፤ ጥርት ያለው ዝርዝር ምስል የወጣው ግን በ1997 ነው። ከላይ ባለው ሒሳብ አንዲት የጤፍ ህዋስ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጥምጥም ይኖራታል ማለት ነው።

እሺ፣ ቦታ ለመቆጠብ ተጠቀለለ። ይህ ከጂን ቁጥጥር ጋር ምን አገናኘው?

ውሉ የጠፋ ልቃቂት ይዛችሁ ታውቃላችሁ? ክሩ እጃችሁ ላይ ነው፣ ግን ልትጠቀሙበት አትችሉም። ጂንም እንደዚያ ነው። ጂኑን የሚያነበው ማሽን መጀመሪያውን ማግኘት አለበት። መጀመሪያው ኑክሊዮሶም ሥር ከተቀበረ ጂኑ አለ፣ ፊደሉም አልተበላሸም፣ ግን አይነበብም። ኑክሊዮሶሙ ገለል ሲል ወይም ሲላላ ይነበባል።

ስለዚህ ህዋሱ ውሉን የሚያወጡና የሚደብቁ ሠራተኞች አሉት። አንዳንዶቹ ኑክሊዮሶሙን በጉልበት ይገፋሉ፤ ለዚህ ኃይል ያቃጥላሉ። ሌሎቹ ሂስቶኑ ላይ ምልክት ይለጥፋሉ። ሦስተኛዎቹ ምልክቱን አንብበው መጥተው ይዘጋሉ ወይም ይከፍታሉ።

ምልክቶቹን በቃሌ መያዝ አቃተኝ። ሜቲሌሽን ይከፍታል ወይስ ይዘጋል?

ይህ ጥያቄ ፈተና ሰሞን ነው የሚበዛው። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም፣ የስሙ ነው። ሜቲሌሽን የሚባል ሁለት የተለያየ ነገር አለ። አንዱ ሂስቶኑ ላይ፣ አንዱ ራሱ ዲኤንኤው ላይ።

ሂስቶኑ ላይ ሲሆን ወሳኙ ቦታው ነው። ሂስቶን ኤች-3 ጅራት አለው። 4ኛው ቦታ ላይ ባለው ላይሲን፣ ማለትም በአንዱ የፕሮቲኑ ቁራጭ፣ ሦስት ሜታይል የሚባሉ ትንንሽ ኬሚካሎች ከተለጠፉበት ጂኑ አብዛኛውን ጊዜ እየሠራ ነው። 27ኛው ቦታ ላይ ሦስት ከተለጠፉ ተዘግቷል። 9ኛው ላይ ሁለት ከሆኑ ደግሞ፣ በዕፅዋት፣ በጣም የተቆለፈ አካባቢ ነው። አሴቲሌሽን፣ ማለትም አሴታይል የሚባል ሌላ ምልክት መለጠፍ፣ ቀላል ነው፤ ያላላል፣ ይከፍታል።

ዲኤንኤው ላይ ያለው ሜቲሌሽን ሲ በምትባለው ፊደል ላይ ነው የሚለጠፈው። በእኛ በሰዎች አብዛኛው ያለው ከሲ ቀጥሎ ጂ ሲመጣ ነው። ዕፅዋት ግን በሦስት ዓይነት አገባብ ይለጥፉበታል፤ ለየአገባቡም የተለያዩ ኢንዛይሞች አሏቸው። በዚያ ላይ 24 ፊደል የሚረዝሙ ትንንሽ አርኤንኤዎችን እንደ ጠቋሚ ተጠቅመው «ይህን ቦታ ዝጋ» የሚያስብሉበት መንገድ አላቸው። ከእንስሳት መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚወናበደው።

ቅጠሉም ሥሩም አንድ ዲኤንኤ ካላቸው ለምን አይመሳሰሉም?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ቅጠል ውስጥ አበባ የሚሠሩ ጂኖች አሉ። ሥር ውስጥም አሉ። ተዘግተው ነው ያሉት።

መዘጋታቸው ወሬ እንዳልሆነ በደንብ ያሳየን አራቢዶፕሲስ ነው፤ የጎመን ዘር ዘመድ የሆነች ትንሽ አረም ናት፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የዕፅዋት አይጥ በሏት። በ1997 በወጣ ሥራ ላይ የተገለጸ አንድ ጂን አለ፤ ሲበላሽ ቅጠሏ ስለሚጠቀለል «ጥምዝ ቅጠል» ብለውታል። ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ፖሊኮምብ የሚባለው የዘጊዎች ቡድን አባል ነው፤ 27ኛው ቦታ ላይ ሜታይል የሚለጥፈው እሱ ነው። ዘጊው ሲጠፋ አበባ ውስጥ ብቻ መሥራት የነበረበት ጂን ቅጠል ላይ ይከፈታል። ቅጠሉ ግራ ይገባዋል፣ ይጠማዘዛል። አዲስ ጂን አልመጣም። የነበረው ዝም አላለም፣ በቃ።

እኔ ተማሪ ሆኜ ቅጠል ቅጠል የሚሆነው የቅጠል ጂኖች ስለሚሠሩ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ግማሹ ሥራ ሌሎቹን ዝም ማሰኘት መሆኑ የገባኝ ይህችን የተጠማዘዘች ቅጠል ካየሁ በኋላ ነው።

ሄትሮክሮማቲን የሚባለው የጂኖም ቆሻሻ መጣያ ነው?

አይደለም፣ ግን ስሙን ያጠፉት ብዙ ናቸው። ነገሩን አይቶ ስም ያወጣለት ኤሚል ሃይትስ ነው፣ በ1928። ያየውም በሰው ወይም በዝንብ አልነበረም፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ በሚለጠፉ ትንንሽ አረንጓዴ ዕፅዋት ነበር። ህዋሱ ከተከፈለ በኋላ ሌላው ሁሉ ሲላላ አንዳንዱ አካባቢ እንደተጠቀለለ ይቀራል።

እዚያ ተቆልፎ የሚኖረው በብዛት ዘላይ ጂን ነው፤ ራሱን እየቀዳ ወይም እየነቀለ ሌላ ቦታ የሚገባ የዲኤንኤ ቁራጭ። ባርባራ ማክሊንቶክ እነዚህን ያገኘቻቸው በበቆሎ ፍሬ ላይ ካለ ዝንጉርጉር ቀለም ተነስታ ነው፤ ሰው እስኪገባው ዘመን ፈጀ፣ የኖቤል ሽልማቷን ያገኘችው በ1983 ነው። የበቆሎ ጂኖም 85 በመቶ ገደማው እንዲህ ዓይነት ነገር ነው። ይህ ሁሉ ቢፈታ በቆሎው በቆሎ ሆኖ የሚቀጥል አይመስለኝም። መንገድ ዳር በከሰል የምትጠበሰዋን እሸት ስትገዙ አስቡት፤ ከምታኝኩት ዲኤንኤ አብዛኛው የታሰረ ነው።

«ገብሱ ደረቅ እያለ አይጣፍጥም። ብቅል ሲሆን ይጣፍጣል። ስኳሩን ማን ጨመረበት?»

ይህን የጠየቁኝ ፒያሳ ጓሮ ጠላ የሚጠምቁ ጎረቤቴ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ ይህን ካልመለስክልኝ...» አሉኝ። እትዬ ልክ ናቸው፣ ጥያቄው ከብዙ ፈተና ይሻላል።

ገብሱ ሲነከር ውስጡ ያለው ሽል ይነቃል። ሽሉ ጂበሬሊን የሚባል ሆርሞን ይልካል። ሆርሞኑ የሚሄደው ከፍሬው ቆዳ ሥር ወዳለች ስስ ሽፋን ነው፤ በገብስ ሦስት ረድፍ ህዋስ ናት፣ አሊውሮን ትባላለች። እዚያ ሲደርስ ጂኖቹን የያዘ ፍሬን አለ፣ እሱን ያስፈርሳል። ፍሬኑ ሲነሳ አሚሌዝ የሚሠራው ጂን ይከፈታል፣ ኢንዛይሙ ወደ መሃል ይፈስሳል፣ ስታርቹን ወደ ስኳር ይቆርጠዋል። ማንም ስኳር አልጨመረም።

አሁን ልብ በሉ። ያው ጂን ሽሉም ውስጥ፣ በኋላ በሚወጣው ቅጠልም ውስጥ በፊደል ደረጃ አለ። መሃል ላይ ያሉት የስታርች ህዋሶችማ ፍሬው ሲደርቅ ሞተዋል። ሆርሞኑን ሰምታ በሙሉ ኃይሏ የምትሠራው ያቺ ስስ ሽፋን ናት። ፍሬውን ቆርጣችሁ ሽል የሌለውን ግማሽ ብትነክሩ ስኳር የለም ማለት ይቻላል፤ ያንኑ ግማሽ ጂበሬሊን ብታጠጡት ይጀምራል።

ሌላም ነገር አለ። በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ጨለማ ውስጥ የበቀለው ብቅል ቡቃያው ነጣ፣ ገርጣ ያለ ነው። ብርሃን ካላየ ክሎሮፊል የሚሠሩት ነገሮች ሥራ አይጀምሩም። በአራቢዶፕሲስ ቡቃያ እንደታየው ከጨለማ ወደ ብርሃን ሲወጣ በመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ውስጥ ኒውክለሱ ራሱ ይተልቃል፣ የተበተነው ሄትሮክሮማቲን ሰብሰብ ብሎ ነጠብጣብ ይሠራል፣ የጂኖቹ ንባብም ይጨምራል። ብርሃን ቅጠሉን ማቅለም ብቻ ሳይሆን ልቃቂቱን እንደገና ያጠነጥነዋል።

እትዬ ይህን ሁሉ ሰምተው «እኔ ግን ፀሐይ ላይ የማሰጣው እንዳይሻግት ነው» አሉኝ። እሱም ትክክል ነው።

ተክል ቅዝቃዜን ያስታውሳል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ማስታወሻውም ክሮማቲኑ ላይ ነው። መጀመሪያ ግን አንድ የትርጉም ጣጣ እናጥራ። መጽሐፉ «የክረምት ስንዴ» ሲላችሁ የእኛ ሐምሌና ነሐሴ እንዳይመስላችሁ። ፈረንጁ የሚያወራው በረዶ ስለሚጥልበት ወቅት ነው፤ ለሳምንታት ከዜሮ እስከ 10 ዲግሪ ገደማ። እኛ ጋ የሚዘራው ስንዴ በአብዛኛው ይህን አይጠይቅም።

አሠራሩ በደንብ የተጠናው እንደገና በአራቢዶፕሲስ ነው። ኤፍኤልሲ የሚባል ጂን አለ፤ ሥራው «ገና ነው፣ አታብቢ» ማለት ነው። ሳምንታት በቀዝቃዛ ሲያልፉ ፖሊኮምብ መጥቶ ጂኑ ላይ ትንሽ ቦታ ይይዛል። ሙቀት ሲመለስ ምልክቱ ጂኑን በሙሉ ያለብሰዋል። ከዚያ ህዋሱ ስንት ጊዜ ቢከፈል ልጆቹም ተዘግተው ይወለዳሉ። ቅዝቃዜው ካለፈ ወር ሆኖታል፣ ተክሏ ግን አልረሳችም። ቀጣዩ ዘር ውስጥ ደግሞ ምልክቱ ይፋቃል፤ ልጅ የራሱን ብርድ ራሱ ይቅመስ ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ቅዝቃዜው ግማሽ መንገድ ላይ ቢቋረጥና ቅጠሉን ፈጭታችሁ ብትለኩ ጂኑ «በግማሽ ተዘግቷል» የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ህዋስ በህዋስ ስታዩት ግን ግማሽ የተዘጋ የለም። አንዱ ድርግም ብሏል፣ ጎረቤቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግማሽ የሚለው ቁጥር የማንም ህዋስ አይደለም።

ይህ ምልክት ለልጅ ልጅ ይተላለፋል?

በዕፅዋት አዎ፣ አንዳንዱ። ከላይ እንዳልኩት የኤፍኤልሲው ይፋቃል። የዲኤንኤ ሜቲሌሽን ግን ዘር ተሻግሮ ሊሄድ ይችላል። ለዕፅዋት ስም በማውጣት የታወቀው ሊኔየስ በ1744 ስለ አንዲት አበባ ጽፏል፤ ዘመዶቿ አበባቸው ግራና ቀኝ አለው፣ እሷ ግን ዙሪያዋ እኩል ነው። ምክንያቱ ለሁለት ምዕተ ዓመት ተኩል ሳይታወቅ ኖረ። በ1999 ሲታይ ፊደሉ ያው ነው፤ አንዱ ጂን በሜቲሌሽን ተዘግቶ ነው። «ታዲያ የአያቴ ጭንቀት በእኔ ላይ አለ?» ብላችሁ እንዳትቀጥሉ፤ እሱ የሌላ ሰው ካፌ ነው።

ቲሹ ካልቸር ላይ ነው የምሠራው። ችግኞቹ ከአንድ እናት ናቸው፣ ለምን አንዳንዱ ይበላሻል?

ከቅጠል ቁራጭ ሙሉ ተክል ማውጣት ማለት የቅጠሉን ልቃቂት ፈትቶ እንደገና ማጠንጠን ነው። ሲፈታ አንዳንዱ ክር በቦታው አይመለስም። በጣም የታወቀው የዘይት ዘንባባ ነው። ችግኞቹ ጤነኛ ይመስላሉ፣ ተተክለው ዓመታት ካለፉ በኋላ ፍሬያቸው የተበላሸ ይሆናል። በ2015 የታወቀው ምክንያት፣ አበባ የሚሠራ ጂን ሆድ ውስጥ የተሸጎጠ ዘላይ ጂን ሜቲሌሽኑን ማጣቱ ነው። ፊደሉ አልተነካም፤ ስለዚህ ፊደል ብቻ የሚያነብ ምርመራ አያገኘውም። ሙዝና ቡና የምታባዙ ሰዎች ይህን እያሰባችሁ የማባዛቱን ዙር ባታበዙት ደግ ነው።

ለናሙና ተክሉን በሙሉ ብፈጨውስ?

አትፍጩት። እዚህ ላይ ክርር ብዬ ነው የምናገረው፣ ምክንያቱም አድርጌዋለሁ።

ያኔ የምሠራበትን ቤት ስም ተዉት። የቡና ቅጠል ነበር፤ ትልልቁን፣ የጠገበውን መርጬ አመጣሁ፣ ብዙ ቲሹ ብዙ ውጤት ብዬ። ፈሳሽ ናይትሮጅን ሙቀጫው ውስጥ አፈሰስኩ፣ ጭሱ ተነሳ፣ ቅጠሉ እንደ ብስኩት ተሰባበረ፣ ደስ አለኝ። ዲኤንኤ ማውጫውን ፈሳሽ ስጨምርበት አረንጓዴው ዓይኔ እያየ ቡኒ ሆነ። የጠገበ የቡና ቅጠል ፖሊፊኖል ሞልቶበታል፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራልና ዲኤንኤውንም ፕሮቲኑንም ይይዛል። በነጋታው ለጋውን ቅጠል ወሰድኩ፣ ፖሊፊኖሉን የሚይዝ ፒቪፒ ጨመርኩ፣ ሠራ።

እሱ ግን ቀላሉ ጥፋት ነው፣ ቀለሙ ይናገራልና። የሚያሳስተው ውጤት ያለው ነው። አንድ ቅጠል ውስጥ ቆዳ አለ፣ አረንጓዴው ሥጋ አለ፣ የውኃ ሥር አለ፣ የቅጠሉን የአየር ቀዳዳ የሚከፍቱና የሚዘጉ ጥንድ ህዋሶች አሉ። ጥንዶቹ ብዛታቸው ትንሽ ነው። እነሱ ውስጥ ብቻ የተከፈተ ጂን ከሌላው ጋር ሲፈጭ ድምፁ ይዋጣል። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ጂን የመክፈቻም የመዝጊያም ምልክት አብሮ የያዘ ይመስላችሁና ትልቅ ግኝት ነው ብላችሁ ትጮኻላችሁ። ሁለት ዓይነት ህዋስ አንድ ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

የተሻለው፣ አቅም ካለ፣ የምትፈልጉትን ህዋስ ኒውክለስ ብቻ ምልክት አድርጎ መለየት ነው፤ ለዚህ በ2010 የወጣ ጥሩ ዘዴ አለ፣ ኢንታክት ይባላል። አቅም ከሌለ ምላጭ አለ። የሥር ጫፍን ከሥሩ፣ ለጋውን ከጠገበው መለየት ምንም አያስከፍልም።

ቺፕ ይሻላል ወይስ አታክ?

ቺፕ ስል የድንቹን አይደለም፤ ሁለቱም ክሮማቲን መመርመሪያ ዘዴዎች ናቸው። የትኛው ምልክት የት እንዳለ ለማወቅ ቺፕ፤ የትኛው ቦታ ክፍት እንደሆነ ለማወቅ አታክ። ቺፕ ፎርማልዲሃይድ፣ ጥሩ አንቲቦዲና ብዙ ቲሹ ይፈልጋል። የዕፅዋት ቲሹ ፎርማልዲሃይዱን በቀላሉ ስለማያስገባ በቫኪዩም መሳብ አለበት። አታክ በ2013 የመጣ ነው፣ በትንሽ ቲሹ ይሠራል፣ ግን ኒውክለሱን ካላጸዳችሁ የክሎሮፕላስት፣ ማለትም ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርጉት ክፍሎች፣ ዲኤንኤ ውጤቱን ያጥለቀልቀዋል። ክሎሮፕላስት ሂስቶን የለውም፣ ስለዚህ አታክ ክፍት ዲኤንኤ ለመቁረጥ ለሚጠቀምበት ኢንዛይም ወለል ብሎ የተከፈተ በር ነው። ለማንበቢያ የከፈላችሁት ብር ለእሱ ይሄዳል።

ይህ ነገር ከክሪስፐር ጋር አንድ ነው?

አይ። ክሪስፐር የጂን መቀስ ነው፤ ፊደል ይቀይራል። የተቆለፈ ቦታ ላይ ግን እሱም ይቸገራል፣ መቀሱ ቶሎ አይደርስም።

ናሙና ስንት ሰዓት ላይ ልሰብስብ?

ሁሌም በአንድ ሰዓት። ተክል ሰዓት አለው፤ ንጋት ላይ የሚጮሁ ጂኖች አሉ፣ ማታ የሚነሱ አሉ፣ በአንዳንዶቹ ላይ የሂስቶን አሴቲሌሽኑ ራሱ ከቀኑ ጋር ይወጣል ይወርዳል። አንዱን ቲሹ ጠዋት፣ ሌላውን ከሰዓት ከቆረጣችሁ የለካችሁት የቲሹ ልዩነት ይሁን የሰዓት አይታወቅም።

ከዚህ የባሰ የእኛ አገር ጣጣ አለ። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች ናሙና ተካፍለን ሰበሰብን፣ ቲዩቡ ላይ ሁለታችንም «3 ሰዓት» ብለን ጻፍን። እኔ የጻፍኩት ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፣ በእኛው። እሱ ስልኩን አይቶ ነው የጻፈው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ያወቅነው ናሙናው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ደስ የሚለው ግን የእኛ አቆጣጠር ለዚህ ሥራ ይሻላል። የዕፅዋት ሰዓት የሚያጠኑ ሰዎች መብራት የሚበራበትን ቅጽበት ዜሮ ብለው ከዚያ ይቆጥራሉ። አዲስ አበባ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል ወዲህ ወዲያ ብላ ነው፣ እኛም ከ12 በኋላ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እንላለን። ሜዳ ላይ ለበቀለ ተክል ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለት ለእነሱም ሦስት ገደማ ነው። ቲዩቡ ላይ በሐበሻ ሰዓት ጻፉ፣ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ጨምሩበት፣ ጓደኛችሁንም ስልኩን ኪሱ ይክተት በሉት።